ፈንድ ከመፈለጋችሁ በፊት ስብርባሪውን እዩት

ሰላም ልጆች። ሰሞኑን ከኢንጂነሪንግ የወጣችሁ ልጆች እየደወላችሁ "ጋሼ፣ ሴራሚክስ ላይ ሪሰርች መስራት እንፈልጋለን፣ ፈንድ የሚሰጥ ካለ ጠቁመን" ትሉኛላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ስልክ ላይ ከምለፈልፍ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ከሰዓት ደሞ የድሬ ሙቀት ከጥላ አያስወጣም።

ሴራሚክስ ሲባል ስኒና የሽንት ቤት መቀመጫ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አድቫንስድ የሚባለው አሉሚና፣ ዚርኮኒያ፣ ሲሊከን ካርባይድ የመሳሰለው ነው። ፓውደሩ ይጨመቅና ሳይቀልጥ በሙቀት እርስ በርሱ እንዲያያዝ ይደረጋል፣ ሲንተሪንግ ይሉታል። አሉሚና የሚቀልጠው 2072 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሲንተር የሚደረገው ግን 1600 አካባቢ፣ ያውም ለኛ አገር ላብራቶሪ ብዙ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሲሚንቶ ኪልን (ሲሚንቶ የሚቃጠልበት ትልቅ ምድጃ) ስር ነው። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው፣ 1450 ዲግሪ ላይ ነው የሚበስለው፣ ብረቱን ከዛ እሳት የሚያድነው ውስጡ የተደረደረው እሳት ቻይ ጡብ ነው፣ እሱም ሴራሚክስ ነው እንግዲህ። መብራት ሲጠፋ ኪልኑ ይቆማል ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ እንደገና ይሞቃል፣ እንዲ ሲደጋገም ጡቡ ይሰነጠቅና ፊቱ እየተላጠ ይወድቃል፣ ከውጪ ብረቱ ቀይ ሆኖ ሲታይ ያኔ ሁላችንም እንሮጣለን። አዲሱ ጡብ የሚመጣው በዶላር ነው። ስንቀይር ኖርን፣ ግን ስንት ጊዜ ቆሞ ስንት ጊዜ ሲነሳ ነው የሚሰነጠቀው፣ ፊት ያለው ነው ወይስ መሀል ያለው ቀድሞ የሚሄደው ብሎ በደብተር የያዘ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልያዝኩም። አሁን ሳስበው ሲያልፈኝ የኖረው ፕሮፖዛል እሱ ነበር። ጀርመን ያለ ፕሮፌሰር መብራት በሳምንት ሶስቴ የሚጠፋበት ኪልን ከየት ያመጣል?

ፈንዱን በተመለከተ። የአሜሪካው ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ሴራሚክስ ብቻ የሚል ፕሮግራም አለው፣ ግን ብሩ የሚሄደው እዛው አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆነ እናንተ የምትገቡበት በር ፕሮፌሰሩ ነው፣ እንደ ፒኤችዲ ተማሪ። "ዲር ሰር ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ" የሚል ኢሜይል ይጣላል፣ "ይሄን ጡብ ቆርጬ ይሄን አየሁ" የሚል ግን ይነበባል። የአውሮፓ ህብረት የምርምር ፈንድ የሆነው ሆራይዘን ኢትዮጵያን ፈንድ ከሚደረጉ አገሮች ውስጥ ያስገባል፣ ግን አብዛኛው ኮንሶርቲየም ነው፣ ማለትም ድርጅቶች ተጣምረው የሚያመለክቱበት፣ ቢያንስ ከሶስት የተለያዩ የህብረቱ አባል ወይም ከፕሮግራሙ ጋር የተቆራኙ አገሮች የመጡ ሶስት ድርጅቶች ይፈልጋል፣ ስለዚ ብቻችሁን አትገቡበትም፣ እነሱ እንዲጠሯችሁ የሚያደርግ ነገር ይኑራችሁ። ትሪየስት ጣሊያን ያለው ትዋስ (TWAS) የሚባለው የሳይንስ አካዳሚ እንደኛ ላሉ አገሮች ሳይንቲስቶች ነው የተቋቋመው፣ በ1983 በፈረንጆቹ። እዛው ትሪየስት ያለው ኦውስድ (OWSD) የሚባለው ድርጅት ደሞ ለሴት ሳይንቲስቶች ነው፣ ፒኤችዲ በሌላ ታዳጊ አገር ያስተምራል፣ እህቶቼ እሱን እዩት። የሁሉንም ማስታወቂያ ከራሳቸው ገጽ አንብቡ፣ ቴሌግራም ላይ የተዘዋወረውን አትመኑ፣ ግማሹ ዴድላይኑ ካለፈ ቆይቷል።

በጀት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔ የተቃጠልኩት እዛ ነው። አንድ ቦታ (ስሙን ተዉት) በፕሮጀክት 1600 ዲግሪ የሚደርስ ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) አስገባን፣ ተመርቆ ፎቶ ተነሳን። ማሞቂያ ዘንጎቹ ሲሊከን ካርባይድ ነበሩ፣ እነሱ ደሞ በስራ ብዛት ያረጃሉ፣ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል፣ በመጨረሻ መቀየር አለባቸው። በጀቱ ውስጥ መለዋወጫ የሚል መስመር አልጻፍንም። ሁለት ዘንግ ተሰበረ፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ ፈርነሱ ላይ ጨርቅ አልብሰን የሻይ ትሪ ማስቀመጫ አደረግነው አቦ። መለዋወጫ፣ ስታቢላይዘር፣ ሳምፕል ለኤክስአርዲ (በኤክስሬይ ውስጡ ያሉትን ማዕድናት ለመለየት) ወደ ሌላ ከተማ የሚላክበት ሂሳብ፣ እነዚህን ጻፉ፣ ሪቪወሩም ስራውን የሚያውቅ ሰው መሆናችሁን ከዚህ ነው የሚያየው።

ወይ ደሞ ያላችሁ ፈርነስ የሚመልሰውን ጥያቄ ጠይቁ። ሐረር አጠገብ ኮምቦልቻ፣ የወሎው አይደለም፣ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር አለ። ካኦሊን 700 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ሜታካኦሊን ይሆናል፣ ያን ከኖራ ድንጋይ ጋር ቀላቅለው የክሊንከሩን ግማሽ የሚተኩበት ሲሚንቶ አለ፣ ለዛ በየላብራቶሪው ያለው ተራ ማፍል ፈርነስ ይበቃል። ጓደኞቼ ይሄ ሲሚንቶ እንጂ አድቫንስድ ሴራሚክስ አይደለም ይሉኛል፣ ይበሉ። ከ700 ጀምሮ ያላየ ሰው 1600 ላይ ምን እንደሚያይ አላውቅም።

ከኪልን የወጡ የተሰነጠቁ ጡቦች፣ ከየትኛው ሜትር ላይ እንደወደቁ በቾክ የጻፍኩባቸው፣ ጡረታ ስወጣ አንድ ጆንያ ይዤ ወጥቻለሁ፣ ባለቤቴ በየዓመቱ ልትጥልብኝ ትነሳለች። ቆርጦ የሚያይ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ሳይሞቅ ይምጣና ይውሰድ፣ ከባድ ነው፣ ባጃጅ ይዛችሁ ኑ።