ጠይቁን፦ አንገቱ የተሰነጠቀ ጠመንጃ

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ከግድግዳ ወድቆ ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። አናጺው አዲስ የዋንዛ ሰደፍ ልሥራልህ ይለኛል። ልስማማ? (ከቢቸና)

መልስ፦ አይስማሙ። የአሮጌ ጠመንጃ ወዙ እንጨቱ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ደግሞ የሚድን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጎርሶ እንዳይሆን ያረጋግጡ። ከአፈሙዙ ፊት ሳይቆሙ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስኪቆም ድረስ ይስደዱና አፈሙዙ ጋ ምልክት ያድርጉበት። አውጥተው ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር ገጥመው በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል ሲያስተኙት ጫፉ መለኮሻው ቀዳዳ አጠገብ መድረስ አለበት። ሁለት ጣት እንኳ ከቀረው ባሩድና እርሳስ አለበት ብለው ይያዙት። ባሩድ ካልራሰ መቶ ዓመት ቢቆይም ይነድዳል። ስለዚህ እሳት ሳያስጠጉ፣ ሳይጎረጉሩ ለባለሙያ ይስጡት። ጠመንጃ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ የፈቃዱንም ነገር አስቀድመው ፖሊስ ይጠይቁ።

ባዶ ከሆነ በርሜሉንና የመምቻውን ዕቃ ያውጡ። አንገቱ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እነዚህን ለማስቀመጥ ተፈልፍሎ ስለቀጠነ ነው። ምስማር አይምቱበት፤ ስንጥቁን ያረዝመዋል። ሙጫ ቅባት ባለበት አይዝም፤ የዘመናት ዘይት ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ሰርጓል። በጥርስ ብሩሽ አሴቶን እየነከሩ፣ የሚያደርቁበት ጨርቅ ቢጫ ማውጣቱን እስኪተው ድረስ ስንጥቁን ብቻ ያጽዱ።

የቆዳ ሙጫ (ከከብት ቆዳ የሚሠራውን እንጂ ቆዳ መለጠፊያውን አይደለም) ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉ። በማግስቱ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው እስከ 60 ዲግሪ ያሙቁት፤ ከፈላ ኃይሉን ያጣል። ስንጥቁን በቀጭን ሽብልቅ ከፍተው ይቀቡት፣ ሽብልቁን አውጥተው በገመድ ወይም በሞርሳ ጥብቅ አድርገው 24 ሰዓት ይተዉት።

ከዚያ ጠፍር ይከተላል፤ ጥንትም አንገት የሚጠገነው በዚሁ ነበር። አንድ ጣት የሚሰፋ ያልለፋ ቆዳ እስኪለሰልስ ዘፍዝፈው በደንብ ይጭመቁት፤ የቆዳ ሙጫ ውሃ ሲነካው ይፈታልና። ስለዚህም ሙጫው ከተጣበቀ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ይሻላል። ጠፍሩን ሳይደራርቡ ጎን ለጎን ይጠምጥሙና ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ሲደርቅ ተኮማትሮ አንገቱን ይጨብጣል፤ እሳት ዳር ካደረቁት ግን ራሱ ይሰነጠቃል።

ቢጠገንም አይተኩሱበት። በርሜሉን ዝገት ከውስጥ ምን ያህል እንደበላው ከውጭ አይታይም።

ጥያቄ፦ ሰደፉን የኑግ ዘይት ብቀባውስ? (ከቡሬ)

መልስ፦ የተልባ ይሻላል። ኑግ ለመድረቅ ስለሚዘገይ እያጣበቀ አቧራ ይሰበስባል፤ ቅቤ ጭራሽ አይደርቅም። ተልባውን ስስ አድርገው ቀብተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፤ ሲደርቅ ይድገሙት። የቀቡበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።