ጥያቄና መልስ፦ የልጅ ልጄ ቡድን

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ አራቱ ስለ ቤዝቦል ናቸው፤ ያውም ስለ ትልቁ ሊግ ሳይሆን ወጣቶቹ ስለሚጫወቱበት ስለ ማይነር ሊግ። ደስ ብሎኛል። እኔ ይህን ነገር ከያዝኩት ዓመታት ሆኖኛል፣ አራት ኪሎ ላይ ግን የሚያዋራኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ወደሚቀጥለው ወር ገፍቼዋለሁ። ከታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ልጄ አሜሪካ ነች፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ መናገር ግን ይከብደዋል። በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው?» ካልኩት በኋላ ወሬያችን ያልቃል። ባለፈው ግን አባቱ ፍሬድሪክስበርግ ወስዶት ቤዝቦል አይቶ ሲመለስ ስለ አንድ ተጫዋች ሩብ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። ግማሹ አልገባኝም። ግን እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እነዚህን ልጆች እዚህ ሆኜ መከታተል እችላለሁ? ከየት ልጀምር? (አያት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በደንብ ይችላሉ። እንዲያውም እርስዎ ካሉበት ሁኔታ የተሻለ መነሻ የለም፤ የሚያሳስብዎት ቡድን አንድ ብቻ ነው፣ የሚያስረዳዎት ሰውም አለ።

መጀመሪያ ቡድኑ ምን እንደሆነ። የእኛን ክለቦች ተስፋ ቡድን ያስቡ። ልጁ ተስፋ ቡድን ውስጥ ይበስላል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ያድጋል። አሜሪካኖቹ ይህንኑ መሰላል አስረዝመውታል። በሜጀር ሊግ 30 ክለቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ከስሩ አራት ቡድን አለው፣ በጠቅላላው 120። ከታች ሲቆጠር ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ፣ ትሪፕል-ኤ ይባላሉ። ከእነሱም በታች በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለጀማሪዎች የተዘጋጁ ሊጎች አሉ።

የልጅ ልጅዎ ያየው ቡድን የዋሽንግተን ናሽናልስ ሲንግል-ኤ ነው። ከፍሬድሪክስበርግ ያደገ ልጅ ዴላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን ይሄዳል፣ ከዚያ ሃሪስበርግ፣ ከዚያ ሮቸስተር፣ መጨረሻ ዋሽንግተን። እነዚህን አምስት ከተሞች ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ ይጻፏቸውና ስልኩ አጠገብ ያስቀምጡ። ልጁ «አደገ» ሲልዎት የት እንደደረሰ ወዲያው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የመምቻ አማካዩን ነው። 250 ከተባለ፣ ዎኩ (ሳይመታ በነፃ የሚሄድበት፣ ከታች አስረዳለሁ) ሳይቆጠር፣ ከ1,000 ሙከራ 250ውን በትክክል መትቶ ቤዝ (ሮጦ የሚረግጠው ማረፊያ) ደርሷል ማለት ነው። በ2024 የሜጀር ሊጉ አማካይ 243 ነበር፣ ስለዚህ 250 መጥፎ አይደለም። ግን ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ያታልላል። አንድ ልጅ በሳምንት 25 ጊዜ ቢሞክርና 6 ቢመታ 240 ነው፤ 8 ቢመታ 320። ልዩነቱ ሁለት ኳስ ነው። አንዷ የተከላካዩን ጓንት ጫፍ ነክታ ያለፈች ልትሆን ትችላለች። በዚያ ሳምንት ቁጥር ልጁን «አበቃለት» ወይም «ኮከብ ነው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

እኔ የማየው ሁለት ሌሎች ነገሮችን ነው። አንደኛው ዕድሜው፣ ካለበት ደረጃ ጋር። የ19 ዓመት ልጅ ሲንግል-ኤ ላይ 240 ቢመታና የ24 ዓመት ሰው እዚያው 290 ቢመታ፣ እኔ የምከታተለው የ19 ዓመቱን ነው። ሁለተኛው ስንቴ በስትራይክአውት እንደሚወጣና ስንቴ ዎክ እንደሚያገኝ። ስትራይክአውት ሦስት ጊዜ ስቶ ወይም ጥሩ ኳስ አሳልፎ መውጣት ነው። ዎክ ደግሞ ወርዋሪው አራት ጊዜ ከመስመር ውጭ ሲወረውርለት ሳይመታ በነፃ መሄድ። ሁለቱ ከዕድል ይልቅ የልጁን ዓይን ያሳያሉ።

ምሳሌ ልስጥዎት፣ የልጅ ልጅዎ በእርግጠኝነት የሚያውቀውን። ጄምስ ዉድ የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ለዋሽንግተን የሰፈር ልጅ እንደማለት። በ2021 ሳን ዲዬጎ በድራፍት (ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) መረጠው። በ2022 ነሐሴ ዋሽንግተን ታላቁን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሲሰጥ በምትኩ ከመጡት ወጣቶች አንዱ እሱ ነበር። ፍሬድሪክስበርግ ሲደርስ 19 ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዊልሚንግተን ጀምሮ ሃሪስበርግ አደገ። እዚያ በ87 ጨዋታ 248 መታ። ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ በስትራይክአውት ይወጣ ነበር፣ ይሄ ብዙ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ተጠራጠረው። ግን ገና 20 ዓመቱ ነበር፣ የሚወረውሩለት ደግሞ አብዛኞቹ በሦስትና በአራት ዓመት የሚበልጡት። በ2024 ሮቸስተር ላይ ስትራይክአውቱ ወደ ከአምስት አንዴ ወረደ። ደረጃው ከፍ ብሎ ስህተቱ ሲቀንስ! እኔ ደብተሬ ላይ ያንን ቁጥር ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። በ52 ጨዋታ 353 መታ፣ ሐምሌ 1 ቀን ዋሽንግተን ጠራችው።

እርስዎም ደብተር ይያዙ። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ለአንድ ተጫዋች አንድ ገጽ። ቀኑን፣ ያለበትን ቡድን፣ ዕድሜውን፣ ስንቴ ለመምታት እንደቆመ፣ ስንት ስትራይክአውት፣ ስንት ዎክ። እኔ የምሞላው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ማይነር ሊግ ከማክሰኞ እስከ እሁድ ይጫወትና ሰኞ ያርፋል። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ገጽ እጨርሳለሁ። ቁጥሮቹ በሊጉ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ከሦስት ተጫዋች በላይ እንዲይዙ አልመክርም፣ መጀመሪያ ላይ ይደክማል።

በቀጥታ ማየት ከፈለጉ ሰዓቱን ይወቁ። እዚያ ምሽት 1 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እሁድ ብዙ ጊዜ በቀን ይጫወታሉ፣ ያ ለእኛ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ይመቻል።

አንድ ነገር ላክል። ወደ ምዕራብ የሚጫወቱ መቺዎች ቁጥር አያስደንግጥዎ። አልበከርኪ ለምሳሌ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ርቆ ይበራል። አዲስ አበባ ላይ የሚጫወት እንግዳ ቡድን ለምን እንደሚያለከልክ የምናውቅ ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባናል።

በሚቀጥለው ስልክ «ስንት ሆም ራን አገባ?» አይበሉት፤ ሆም ራን ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ መምታት ነው። «በዚህ ሳምንት ስንት ዎክ አገኘ?» ይበሉት። ከዚያ እሱ ያውራ።

ጥያቄ፦ ማይክል ጆርዳን ቅርጫት ኳስ ትቶ ቤዝቦል ሞክሮ ወድቋል ይባላል። እውነት ነው? እንደሱ ዓይነት ሰው እንዴት ይወድቃል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መጫወቱ እውነት ነው፣ ወድቋል የሚለው ግን አይዋጥልኝም። በ1994 ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ደብል-ኤ ቡድን፣ ለበርሚንግሃም ባሮንስ፣ 127 ጨዋታ ተጫውቷል። 202 መታ፣ 3 ሆም ራን፣ 30 የተሰረቀ ቤዝ (ኳስ ሳይመታ በሩጫ የተያዘ)፣ 114 ስትራይክአውት። ቁጥሩ ደካማ ነው። ግን ከላይ ለአያትየው ያልኩትን አስታውስ። 31 ዓመቱ ነበር፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዲህ ቤዝቦል አልተጫወተም፣ ሲጀምር ደግሞ የታች ደረጃዎችን ዘለው ደብል-ኤ ላይ አቆሙት። እዚያ ያሉት ወርዋሪዎች ከልጅነት ጀምሮ ሌላ ሥራ የላቸውም። በዚያው መኸር አሪዞና ውስጥ ተስፋ ከተጣለባቸው ልጆች ጋር ተሰልፎ 252 መታ። እየተማረ ነበር። በ1995 መጋቢት ወደ ቅርጫት ኳስ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ አንድ ወርዋሪ እከታተል ነበር፣ በየስድስት ቀኑ ይጫወታል። ከሰኔ ወዲህ ስሙ የለም። ዜናም የለም። ተባሮ ይሆን? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውጤቱን ትተህ የቡድኑን የተጫዋቾች እንቅስቃሴ ገጽ ክፈት። ማን አደገ፣ ማን ወረደ፣ ማን ተሰናበተ፣ ማን ተጎዳ፣ ሁሉም በቀን ይጻፋል። የተጎዱት ዝርዝር ብዙ ጊዜ የ7 ቀን ወይም የ60 ቀን ነው። 7 ከሆነ አትጨነቅ። 60 ከሆነና ወርዋሪ ከሆነ ክርኑን እፈራለሁ።

የክርን ጅማት ሲበጠስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስደው ይተኩለታል። መጀመሪያ የተሠራው በ1974 ነው፣ ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ፣ ታካሚው ቶሚ ጆን። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፣ ሲያቆም 46 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ማለት ማለቅ አይደለም። ግን ዓመት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሲመለስ ዝቅ ካለ ደረጃ ይጀምራል፣ አንድ ሁለት ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ብቻ። ያኔ ዎኩ በዝቶ ብታየው አትዘንበት፤ ጉልበቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ዒላማው ቆይቶ ነው የሚከተለው። ገጹን ከደብተርህ አትቅደደው። ቀኑን ጽፈህ ባዶ ተወው።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካ ሄዶ ይህን መሰላል ጨርሶ የወጣ አለ? ወይስ ለእኛ የተዘጋ ነው? (እህታችሁ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። ጊፍት ንጎፔ ይባላል፣ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እናቱ በአንድ የቤዝቦል ክለብ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ የሚኖሩትም እዚያው ክለቡ ግቢ ውስጥ ባለች ክፍል ነበር። ልጁ በሩን ሲከፍት ሜዳው ላይ ነው የሚወጣው። ፒትስበርግ ፓይሬትስ በ2008 አስፈረመው። ከዚያ ስምንት ዓመት በላይ በማይነር ሊግ ቆየ። ስምንት ዓመት! የማይነር ሊግ ደመወዝ በዚያን ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ማኅበር ኖሯቸው በ2023 የመጀመሪያውን ስምምነት ሲፈርሙ እንኳ የትሪፕል-ኤ ዝቅተኛው ክፍያ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር በዓመት ነው ያደገው።

ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ጠሩት። በአፍሪካ ተወልዶ ሜጀር ሊግ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ለመምታት ሲቆም የሚወረውርለት ጆን ሌስተር ነበር፣ ከዓመት በፊት ከቺካጎ ከብስ ጋር ዋንጫ የበላ። ንጎፔ መታው፣ ቤዝ ደረሰ። እናቱ ግን ይህን ቀን አላየችም፣ በ2013 አርፋለች። በሜጀር ሊግ የተጫወተው በጠቅላላው 41 ጨዋታ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ያልፈዋል፣ እኔ ግን ስሙን ስጽፍ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

አሁን ዓይኔ ያለው ኡጋንዳ ላይ ነው። በ2012 የሉጋዚ ልጆች በታዳጊዎች የዓለም ውድድር ላይ ፔንሲልቬንያ ሄደው የተጫወቱ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፓይሬትስና ዶጀርስ ከኡጋንዳ ወጣቶች አስፈርመዋል። ፓይሬትስ ካስፈረማቸው አንዱ ዴቪድ ማቶማ ነው፣ ወርዋሪ። የእሱን ገጽ ከፍቻለሁ፣ በየሰኞው እሞላዋለሁ። አንቺም አንድ ገጽ ክፈቺለት፣ በወር አንዴ ቁጥራችንን እናመሳክራለን።