ከቮልዩም ግሩፕ ወደ ቮልዩም ግሩፕ ማዛወር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከአንዱ በስተቀር ስለ ሊኑክሱ ኤልቪኤም (ዲስኮችን በአንድ ላይ ቋጥሮ ቦታቸውን የሚያከፋፍል ሥርዓት) ናቸው። ቮልዩም ግሩፕ የተቋጠሩት ዲስኮች ስብስብ ነው፤ ቮልዩም ከስብስቡ የሚቆረጠው ክፍል። ትዕዛዞቹ የተጻፉት እንደሚነበቡት ነው።

ጥያቄ፦ «ዳታ» የሚባል ግሩፕ ውስጥ ሦስት ዲስክ አለ። «ሪፖርት» የተባለውን ቮልዩም ብቻ ነጥዬ ወደ አዲስ ግሩፕ ማውጣት እፈልጋለሁ። ፒቪሙቭ የሚባለው የማዛወሪያ ትዕዛዝ ለምን እምቢ ይላል?

መልስ፦ ፒቪሙቭ የግሩፕ አጥር አይዘልም። መረጃ የሚያንቀሳቅሰው በዚያው ግሩፕ ውስጥ ካለ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ብቻ ነው። አጥሩን የሚሻገረው ግሩፕ የሚከፍለው ትዕዛዝ ቪጂስፕሊት ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያሻግረው ዲስኩን እንዳለ እንጂ ቮልዩሙን ለብቻው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ «ሪፖርት» የራሱ ዲስክ ላይ ብቻውን መቀመጥ አለበት።

ማን የት እንደተቀመጠ በኤልቪኤስ እይ፤ «ሰረዝ ኤ» እና «ሰረዝ ኦ ፕላስ ዲቫይስስ» ጨምርበት፣ የተደበቁትም ይታያሉ። «ሪፖርት» ኤስዲቢ እና ኤስዲሲ የተባሉት ዲስኮች ላይ ተበትኖ ኤስዲዲ ባዶ ነው እንበል። ባዶ ዲስክ ከሌለ አዲስ ዲስክ በፒቪክሪኤት አዘጋጅተህ በቪጂኤክስቴንድ ግሩፑ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ፒቪሙቭን በ«ሰረዝ ኤን ሪፖርት» ሁለት ጊዜ አስኪድ፦ ከኤስዲቢ ወደ ኤስዲዲ፣ ቀጥሎ ከኤስዲሲ ወደ ኤስዲዲ። ይህ ሁሉ ፋይል ሲስተሙ ማውንት እንደሆነ (ተያይዞ በሥራ ላይ እንዳለ)፣ ተጠቃሚው እየሠራ ይከናወናል። ዲስኩ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢጽፍ 1 ቴራባይት ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ሥራ የሚቆመው ከዚህ በኋላ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ። አንማውንት አድርግ፣ ቮልዩሙን በኤልቪቼንጅ «ሰረዝ ኤኤን» አጥፋው (ከሥራ ማስወጣት ነው እንጂ መሰረዝ አይደለም)፣ «ቪጂስፕሊት ዳታ አዲሱግሩፕ /ዴቭ/ኤስዲዲ» ብለህ ለይ፣ በ«ሰረዝ ኤዋይ» መልሰህ አስነሳው። ኤስዲዲ ላይ የሌላ ቮልዩም ቁራጭ ካለ፣ አንድ ኤክስቴንትም (ኤልቪኤም ቦታ የሚያከፋፍልባት ትንሿ መለኪያ) ብትሆን፣ ቪጂስፕሊት አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ፒቪሙቭ መሀል ላይ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ፒቪሙቭ ጊዜያዊ መስተዋት (ሁለት ተመሳሳይ ቅጂ) ሠርቶ ነው የሚገለብጠው፤ የደረሰበትንም ሜታዳታ (የግሩፑ መዝገብ) ላይ ይመዘግባል። ሰርቨሩ ሲነሳ ፒቪሙቭን ያለምንም ተጨማሪ ቃል ብትጽፈው ካቆመበት ይቀጥላል። በ«አቦርት» ካቋረጥከው ግን ተጠናቀው የተዛወሩት ክፍሎች አዲሱ ዲስክ ላይ ይቀራሉ፣ ያልተዛወሩት አሮጌው ላይ። ይህ ግማሽ በግማሽ የማይመችህ ከሆነ ሲጀመር «አቶሚክ» የሚለውን አማራጭ ስጠው፤ ያኔ ካቋረጥክ ሁሉም በነበረበት ይቀራል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ ሳይሆን ወደነበረ ግሩፕ ከሆነስ?

መልስ፦ ቪጂስፕሊት የነበረ ግሩፕም ይቀበላል፤ ሁለት ግሩፕ ሙሉ በሙሉ ለማዋሃድ ደግሞ ቪጂመርጅ አለ። ቪጂመርጅ ላይ ተጠንቀቁ፦ መጀመሪያ የሚጻፈው ተቀባዩ ነው፣ ሁለተኛው ስሙ የሚጠፋው። ስሙ የሚጠፋው ግሩፕ ቮልዩሞች ሁሉ ቀድመው በኤልቪቼንጅ «ሰረዝ ኤኤን» ከሥራ መውጣት አለባቸው። በሁለቱ ግሩፕ ተመሳሳይ ስም ያለው ቮልዩም ካለ ቀድማችሁ በኤልቪሪኔም ቀይሩ።

ትልቁ እንቅፋት የኤክስቴንት መጠን ነው። የተለመደው 4 ሜጋባይት ነው፤ አንዱ 4 ሌላው 32 ከሆነ አይገጥሙም። ያን ጊዜ ሳትታገሉ ብትገለብጡ ይሻላል፦ ተቀባዩ ግሩፕ ውስጥ ቮልዩም ፍጠሩ፣ ምንጩን አንማውንት አድርጉ፣ ባይት በባይት በሚገለብጠው ትዕዛዝ በዲዲ ገልብጡ። ቮልዩሙን ስትፈጥሩ በኤክስቴንት ቁጥር ሳይሆን በባይት ለኩ። 2560 ኤክስቴንት በ4 ሜጋባይት 10 ጊጋባይት ነው፤ በ32 ግን 80 ይሆናል። ቢተልቅ ቦታ ይባክናል፤ ካነሰ ግን የፋይል ሲስተሙ ጭራ ይቆረጣል። ፋይል ሲስተሙ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዋናውና ቅጂው አንድ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) ስለሚይዙ አንዱ ማውንት ሆኖ ሳለ ሌላው አይነሳም፤ ለቅጂው በኤክስኤፍኤስ አድሚን አዲስ ዩዩአይዲ ስጡት።

ጥያቄ፦ ሁሉ ነገር ተሳክቶ ሳለ ሪቡት ሲደረግ ሰርቨሩ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይቆማል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ኤፍስታብ (ሰርቨሩ ሲነሳ ምን የት እንደሚያያዝ የሚዘረዝር ፋይል) ውስጥ የቀረው አሮጌ መንገድ ነው። /ዴቭ/ዳታ/ሪፖርት የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም። ግሩፕ ሲለወጥ የፋይል ሲስተሙ ዩዩአይዲ ስለማይለወጥ፣ ኤፍስታብን በዩዩአይዲ መጻፍ ይህን ጣጣ ያስቀራል። የተዛወረው ሩት (ዋናው ፋይል ሲስተም) ወይም ስዋፕ (የሜሞሪ መጠባበቂያ) ከሆነ በሬድ ሃት ቤተሰብ ሊኑክሶች የከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይም የግሩፑ ስም ስላለ ግሩብ (ማስነሻ ፕሮግራሙ) መስተካከል አለበት። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ስናፕሾት (የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ያለው ቮልዩምስ? ቲን ፑልስ (ቮልዩሞች እንደሚያስፈልጋቸው ቦታ የሚወስዱበት የጋራ ቋት)?

መልስ፦ ስናፕሾት ከምንጩ አይነጠልም፤ ወይ አብረው ይሂዱ ወይ ስናፕሾቱ ይሰረዝ። ቲን ፑልም ከነሜታዳታው፣ ከነቲን ቮልዩሞቹ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ከለየን በኋላ ሐሳብ ብንቀይር የድሮ ሜታዳታ በሚመልሰው በቪጂሲኤፍጂሪስቶር መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ አይሞከርም። የድሮው ሜታዳታ አሁን የሌላ ግሩፕ የሆነውን ዲስክ የኔ ነው ይላል። የመመለሻው መንገድ ቪጂመርጅ ነው።

ጥያቄ፦ ቬሪታስ (ሌላ የቮልዩም ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ግን ቮልዩም በቀጥታ ይዛወራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ትዕዛዙ «ቪኤክስዲጂ ሙቭ» የቮልዩም ስም ስለሚቀበል ነው እንዲያ የሚመስለው። ከሥር ግን እዚያም የሚሄደው ዲስኩ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ «ቪኤክስዲጂ ሊስትሙቭ» በል፤ ከቮልዩሙ ጋር ምን ምን ተያይዞ እንደሚሄድ ይዘረዝርልሃል። «ሰረዝ ኦ ኤክስፓንድ» ከተጨመረበት በእነዚያ ዲስኮች ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፤ ዝርዝሩን ሳያዩ ይህን መስጠት የማይፈለግ ቮልዩምም ማስወሰድ ነው። ከዝውውሩ በኋላ ቮልዩሙ ቆሞ ከተገኘ በ«ቪኤክስቮል ስታርት» አስነሳው፣ ከዚያ ማውንት አድርግ።