ጠይቁ፣ ይመለስላችኋል፦ ትራንስፎርመር አስገብቼ መፍጫዬ ለምን ፈነዳ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ሁለት ጓደኞቼ ማይንክራፍትን ከኢንዱስትሪያልክራፍት 2 ሞድ (ጨዋታው ላይ ኤሌክትሪክና ማሽኖች ከሚጨምር ተጨማሪ) ጋር እንጫወታለን፤ የጨዋታው ቅጂ 1.12.2 ነው። ለሳምንት ለፍቼ ኤምኤፍኢ የሚባለውን የኃይል ማከማቻ ሠራሁና ሞላሁት። አንድ የቆየ መመሪያ «ኤምኤፍኢ የሚያወጣው 128 ስለሆነ በወርቅ ገመድ አውጥታችሁ መሀል ላይ ኤልቪ ትራንስፎርመር (ዝቅተኛውን የኃይል ማውረጃ) አስገቡ» ይላል። እንደተባለው አደረግሁ። ባገናኘሁበት ቅጽበት ትራንስፎርመሩ ፈነዳ። ጥፋቱ የእሱ መስሎኝ አውጥቼ ማሴሬተሩን (የማዕድን መፍጫውን) በቀጥታ ሳገናኘው እሱም ፈነዳ። ማሴሬተር እኮ የሚበላው በቲክ (በሰከንድ አንድ ሃያኛ) 2 ኢዩ ብቻ ነው፤ ኢዩ የሞዱ የኃይል መለኪያ ነው! የተረፈውን ለምን አይተወውም? ጓደኛዬ በሌላ ሞድ የሚጠቀምበት ማሽን የቱንም ያህል ቢሰጡት አይፈነዳም።
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ትራንስፎርመር ማስገባትህ ልክ ነበር። ያሳሳተህ የመመሪያው ዕድሜ ነው። በድሮው ኢንዱስትሪያልክራፍት 2 ኤምኤፍኢ በእርግጥም 128 ነበር የሚያወጣው፤ ከእሱ የሚበልጠው ማከማቻ ኤምኤፍኤስዩ ደግሞ 512። አንተ የምትጫወተው ከዚያ በኋላ የተሻሻለውን ነው። በእሱ ውስጥ ሲኢኤስዩ የሚባል አዲስ ማከማቻ መጣና የ128ን ቦታ ያዘ፤ ኤምኤፍኢ ወደ 512፣ ኤምኤፍኤስዩ ወደ 2048 ከፍ አሉ። ኤልቪ ትራንስፎርመር ግን ድሮም ዛሬም የሚቀበለው እስከ 128 ነው። 512 መጣበት፣ ፈነዳ። የወርቅ ገመዱም አላስጠነቀቀህም፤ ድሮ 128 ይችል የነበረው አሁን 512 ስለሚችል ሳይቀልጥ ዝም ብሎ አሳለፈው።

ስለዚህ ከኤምኤፍኢው በወርቅ ገመድ አውጣና መጀመሪያ ኤምቪ ትራንስፎርመር ላይ አግባው። እሱ 512ን ወደ 128 ያወርደዋል። ከዚያ በመዳብ ገመድ ወደ ኤልቪ ትራንስፎርመር፤ 128 ወደ 32 ይወርዳል። ከዚያ ወደ መፍጫው። ትራንስፎርመር ስትተክል ከስድስቱ ፊቶች አንዱ ከሌሎቹ እንደሚለይ አስተውል፤ ከፍተኛው ኃይል የሚገባው በእሱ ነው፣ ዝቅተኛው በአምስቱ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። 2 የሚበላ ማሽን ስለ 512 ምን አስጨነቀው?

ስለ ጉርሻ አስብ። አንድ ሰው ሁለት እንጀራ በልቶ በሰላም ይነሣል፣ በአፉ ልክ እየጎረሰ ከሆነ። ያንኑ ሁለት እንጀራ ጠቅልለህ በአንድ ጊዜ ብታጎርሰው ግን ይታነቃል። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚባለው ለሰው ነው። በዚህ ሞድ ውስጥ ኃይል እንደ ውኃ አይፈስም፤ እየተጠቀለለ በጉርሻ ነው የሚላከው። ትንሹ ማከማቻ ባትቦክስ የሚያጎርሰው 32 ነው፣ ኤምኤፍኢ 512። የመፍጫው አፍ 32 ነው። 2 የተባለው ሆዱ በየቲኩ የሚፈጨው ነው፤ ከአፉ ስፋት ጋር አይገናኝም።

ይህን ከያዝክ ብዙ ነገር ይገለጥልሃል። ሦስት ባትቦክስ በአንድ ላይ ብታገናኝ መፍጫው አይፈነዳም፤ እያንዳንዱ ጉርሻ 32 ነውና። 40 ሚሊዮን ኢዩ የሞላ ኤምኤፍኤስዩ እንኳ ደረጃ በደረጃ ወደ 32 ከወረደ አንዲትን መፍጫ አይጎዳም። ትራንስፎርመርም ኃይሉን አይቀንስብህም፤ 128ቱን አራት ባለ 32 ጉርሻ አድርጎ ይቆርሰዋል እንጂ። ብዙ ወጣቶች «ማከማቻዬ በጣም ስለሞላ ነው የፈነዳብኝ» ብለው ይጽፉልኛል። አይደለም። መሙላቱ ማንንም አይጎዳም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጨዋታ በፊት፣ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው ከዋሽንግተን የላከላቸውን የቡና መፍጫ ይዘው መጡ። ሶኬት ላይ ሰክተው ቁልፉን ሲጫኑት አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ስከፍተው የተቃጠለ የሞተር ሽቦ ሽታ ሱቁን ሞላው። እሳቸው «ቤታችን ውስጥ ኃይሉ በዛ» ነበር የሚሉት። ከታች የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኋቸው፤ 120 ቮልት ይላል። የእኛ አገር ሶኬት 220 ነው፤ ጉርሻው ከአፉ በለጠ። በዚያው ሶኬት ላይ ለዓመታት የሠራች ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ሬዲዮዋ ከመፍጫው በጣም ያነሰ ነው የምትበላው፤ አልተቃጠለችም፣ ለ220 ተሠርታለችና። የሴትዮዋ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም፤ ልጃቸው የላከው የመጀመሪያ ዕቃ ነበር። 40 ብር የማትሞላ ምክር ቀድሞ የሚሰጣቸው ሰው ቢኖር መሀል ላይ ማውረጃ ትራንስፎርመር አድርገው እስከ ዛሬ ቡናቸውን ይፈጩበት ነበር።

የጓደኛህ ማሽን የማይፈነዳው ኃይሉ የሚተላለፍበት ሕግ ሌላ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ተርማል ኤክስፓንሽን የሚባለው ሞድ በሚጠቀምበት፣ ሬድስቶን ፍለክስ በተባለው የኃይል ሥርዓት ውስጥ ሰጪው መጀመሪያ ያቀርባል፣ ተቀባዩ «ይህን ያህል ይበቃኛል» ብሎ ያንኑ ብቻ ይወስዳል። እዚያ የመቀበያ ገደብ ማለት የፍጥነት ገደብ ነው። አንተ ጋ ግን ገደቡ የደኅንነት ነው። እኔ በግሌ የአንተን እመርጣለሁ፤ የሚፈነዳ ማሽን ሰው ከማገናኘቱ በፊት እንዲያነብ ያስተምራል። ዕቃ መያዣህ ውስጥ ጠቋሚውን ኤምኤፍኢው ላይ ብታሳርፈው የሚያወጣው መጠን ተጽፎ ታየዋለህ። ከየትኛውም መመሪያ በፊት እሱን እመን።

ጥያቄ፦ እኔም ይህንኑ ሞድ ከወንድሜ ጋር እጫወታለሁ። ማሴሬተሬ ውስጥ ስምንት ኦቨርክሎከር (ማፍጠኛ) ጨመርኩ፤ ኃይሉ የሚመጣው ከአንድ ባትቦክስ ነው። ትንሽ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሠራል። ተበላሽቶ ነው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ርቦት ነው። እያንዳንዱ ኦቨርክሎከር የሥራውን ጊዜ ወደ 70 በመቶ ያወርዳል፣ የሚበላውን ግን 1.6 እጥፍ ያደርጋል። 2ን በ1.6 ስምንት ጊዜ አባዢው፦ 2 የነበረው ወደ 86 ገደማ ይደርሳል። ባትቦክስሽ በቲክ ከ32 በላይ አይሰጥም። አምስት ኦቨርክሎከር ላይ 21 ገደማ ስለሚበላ ይበቃው ነበር፤ ስድስተኛው 33.5 ላይ አደረሰውና አለፈ።

ወይ ወደ አምስት መልሺው፣ ወይ ባትቦክሱን በሲኢኤስዩ ቀይሪው። 128 ስለሚሰጥ ለ86 ይበቃል። ነገር ግን የመፍጫው አፍ ገና 32 ነው፤ ስለዚህ መፍጫው ውስጥ አንድ የትራንስፎርመር አፕግሬድ አስገቢ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ 128 ይቀበላል። ገመዱም መዳብ ይሁን፤ የቆርቆሮው ከ32 በላይ አይችልም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ፦ በስምንት ኦቨርክሎከር አንድ ማዕድን ለመፍጨት የሚጠፋው ኃይል ከድሮው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ማመንጫሽ ጥቂት የፀሐይ ፓነል ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ በቲክ 1 ኢዩ ስለሚሰጥ፣ ሲኢኤስዩው ቶሎ ባዶ ይሆናል።

አፕግሬዱን መጀመሪያ አስገቢ፣ ገመዱን ከዚያ በኋላ አገናኚ። ለማውጣት በፈለግሽ ጊዜ ደግሞ ቀድመሽ ገመዱን ቁረጪ።