ቲሸርት ማተሚያ ሂት ፕሬስ በአቅም፦ መግዛት፣ መፈተሽ፣ መሥራት (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄያችሁ ስለበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ሂት ፕሬስ ማለት ሥዕልና ጽሑፍን በሙቀትና በግፊት ጨርቅ ላይ የሚያትም ማሽን ነው። ሥራዬ ማተም ነው። ቲሸርት፣ ኮፊያ፣ ማግ፣ የመጣውን ሁሉ አትማለሁ። ማሽን ሲበላሽም ፈትቼ እጠግናለሁ። ማሽን አልሸጥም፣ ስለዚህ የማንንም ዕቃ የማሞገስ ዕዳ የለብኝም። ዋጋ አልጽፍም፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እጄ አጭር ነው፣ አንድ ማሽን ብቻ ነው የምችለው። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ 38 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ ላይ የሚከፈተውን ግዛ። ክላምሼል የሚሉት እሱን ነው። ቦታ አይፈጅም፣ የሚበላሽ ነገሩም ትንሽ ነው። ለደረት ጽሑፍና ለኤ4 ሥዕል ከበቂ በላይ ነው። ሙሉ ኤ3 ወረቀት የምታትም ከሆነ ግን አይበቃህም፣ ምክንያቱም የኤ3 ርዝመት 42 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያኔ 40 በ60 መፈለግህ ነው።

የክላምሼል ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስትከፍተው የጋለው ብረት ከእጅህ በላይ ይቆማል። ቲሸርቱን ስታስተካክል የእጅህ ጀርባ ከነካው ያገኝሃል። ሁለተኛ፣ ወፍራም ነገር ላይ የኋላው ጠርዝ ቀድሞ ይነክሳል፣ የፊቱ ይላላል። ሹራብና ጃኬት የምታበዛ ከሆነ ወደ ጎን የሚዞረውን፣ ስዊንግ የሚሉትን፣ ውሰድ። እሱ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ግፊቱ እኩል ነው። ግን በጎኑ በኩል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሲጣላ የሚውል ማሽን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ሄጄ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ልለይ? ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ቀለማቸውና ስክሪናቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው የላይኛው ብረት ላይ ነው፣ ገንዘብህም የሚሄደው ወደዚያ መሆን አለበት። ወፍራም አልሙኒየም ሆኖ የማሞቂያው ሽቦ ውስጡ የተቀበረ ከሆነ ሙቀቱ እኩል ይሰራጫል። ቀጭን ሆኖ ማሞቂያው ከላይ የተለጠፈበት ከሆነ መሐሉ ይግላል፣ ጠርዙ ይቀዘቅዛል።

እና ሻጩን «ሰካልኝ» በለው። እምቢ ካለህ ቀጥለህ ሂድ። 180 ዲግሪ ላይ አድርገው፤ ሲደርስ ወዲያው አትለካ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይረጋጋ። ከዚያ ኬ ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ያለው መልቲሜትር ይዘህ ጫፏን ብረቱ ላይ አስጠግተህ አራቱን ማዕዘን፣ አራቱን ጎንና መሐሉን ለካ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እስከ 5 ዲግሪ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። 10 ካለፈ እኔ አልገዛውም። ያ ጠመንጃ የሚመስለው የኢንፍራሬድ መለኪያ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይዋሻል፣ ዝቅ አድርጎ ያሳይሃል። ጥቁር ቴፍሎን የተቀባ ብረት ላይ ይሻላል።

ቀጥሎ ግፊቱ። አራት ቁራጭ ወረቀት አራቱ ማዕዘን ላይ ግማሹን ወደ ውጭ አስወጥተህ አስቀምጥ፣ ማሽኑን ዝጋና አንድ በአንድ ጎትት። አራቱም እኩል ሊያስቸግሩህ ይገባል። አንዱ ሾልኮ ከወጣ ብረቱ ጠማማ ነው ወይም የታችኛው ስፖንጅ አልቋል። ስፖንጁ ይቀየራል። ጠማማ ብረት ግን ራስ ምታት ነው።

ጥያቄ፦ ሰብሊሜሽን አተምኩ፣ ሲወጣ ያምር ነበር፣ አንዴ ሲታጠብ ግን ግማሹ ሄደ። ማሽኑ ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አይደለም፣ ጨርቁ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም በሙቀት ወደ ጋዝ ተቀይሮ ፖሊስተር ውስጥ ይገባል። ኮተን አይቀበለውም። ኮተን ላይ የታየህ ላዩ ላይ የተቀመጠ ቀለም ነው፣ ውኃ ሲነካው ይሄዳል። ግማሽ ኮተን ግማሽ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ የፖሊስተሩ ድርሻ ብቻ ይቀራል፣ ያንተም ሁኔታ ይሄ ይመስለኛል።

የአንገት ምልክቱን አትመን። ከቲሸርቱ የውስጥ ስፌት አንድ ክር ምዘዝና በላይተር አቃጥል። ኮተን የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይሸበሸባል፣ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጣር እንክብል ይሠራል። ክሩ ስፌት ብቻ እንዳይሆን ከጨርቁም ትንሽ ቆርጠህ ሞክር፣ ስፌቱ ፖሊስተር ሆኖ ጨርቁ ኮተን የሆነ ሞልቷል።

ሙቀቱ ለፖሊስተር ከ190 እስከ 200 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ፣ ግፊቱ ቀለል ያለ። ሰብሊሜሽን ነጭ ቀለም የለውም፣ ስለዚህ ጥቁር ቲሸርት ላይ አይሠራም። በነጭና በፈዛዛ ጨርቅ ብቻ።

ጥያቄ፦ ዲቲኤፍና ቪኒልስ?

መልስ፦ ዲቲኤፍ ፊልም ላይ የታተመ ሥዕል በሙጫ ጨርቁ ላይ የሚለጠፍበት ነው፣ ቪኒል ደግሞ ተቆርጦ የሚለጠፍ ባለቀለም ፕላስቲክ። ሁለቱም ኮተንም ፖሊስተርም ላይ ይይዛሉ፣ ጥቁር ላይም ይሠራሉ። ሁለቱም በአብዛኛው 150 እስከ 160 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ጠበቅ ባለ ግፊት። ዲቲኤፍ ሲሆን ፊልሙ የሚላጠው በትኩሱ ነው ወይስ ቀዝቅዞ፣ ሻጩን ጠይቅ፤ የቀዝቃዛውን በትኩሱ ከላጥከው ቀለሙን ይዞልህ ይነሳል። ከላጥክ በኋላ ቴፍሎን ሺት (ሙቀት የሚችል፣ የማይጣበቅ ጨርቅ) ወይም ወረቀት ጣል አድርገህ አሥር ሰከንድ ድገመው። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል፣ ከዚያ «ተሰነጠቀብኝ» ይላል።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ከማተማችሁ በፊት ባዶውን ቲሸርት ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጫኑት። እንፋሎት ሲወጣ ታያላችሁ። ያ እርጥበት ካልወጣ ሙጫውም አይይዝ፣ የሰብሊሜሽኑም ቀለም ይዥጎረጎራል።

ጥያቄ ከአንዲት እናት፦ ልጄ ማሽኑን ሳሎን አስገብቶታል፣ ባበራው ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። ቤቴን ያቃጥልብኝ ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፣ ግን መፍትሔ አለው። 38 በ38 ማሽን በብዛት ከ1400 እስከ 1800 ዋት ይፈጃል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ6 እስከ 8 አምፔር ገደማ ነው። ይሄ ብቻውን ብሬከር አያወርድም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከዚህ እጥፍ ገደማ ይወስዳል፣ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ይወርዳል። እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓትና የሚታተምበት ሰዓት ይለያይ።

ልጁ በቀጭን ማከፋፈያ ሰክቶት ከሆነ ዛሬውኑ ያውጣው። ሽቦው ሲሞቅ በእጅ ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ካለ ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፣ ቢቻል በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት። የመሬት ሽቦም ይኑረው። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው፣ ሲነኩት ነዘር የሚያደርግ ከሆነ መሬት የለውም ማለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው አይብራ። ብሬከሩን ከፍ ባለ አምፔር ቀይሮ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ከመጣ ግን ከበር ይመልሱት።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ርካሽ ማሽን ሊልክልኝ ነው። ልቀበል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ ካለ፣ እዚህ በቀጥታ ብትሰካው ኃይሉ ሁለት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ገደማ ነው። 1400 ዋት የነበረው እስከ 5600 ልሁን ይላል። ማሞቂያው ወይም መቆጣጠሪያው ይቃጠላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል ያስፈልግሃል፣ እሱም ከባድና ውድ ነው። ቀረጡን ስትጨምርበት ርካሹ ርካሽ አይደለም። አጎትህ ሊረዳህ ከፈለገ ጥሩ ቴርሞካፕልና ቴፍሎን ሺት ሻንጣው ውስጥ ያምጣልህ።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ራሴ ብሠራውስ?

መልስ፦ እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ እወዳለሁ። ፍሬሙን ሥራው፣ ብረቱን ግዛው። ማሞቂያ የተቀበረበት የአልሙኒየም ፕሌት ለመለዋወጫ ለብቻው ይሸጣል። እሱን ከላሜራና ከካውያ ማሞቂያ ለመሥራት አትድከም፣ ሙቀቱ እኩል አይሆንልህም። ለግፊት የመኪና የሃይድሮሊክ ክሪክ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ለቲሸርት ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት አለው፣ ፍሬሙ ከሳሳ ያጣምመዋል። ማንሻ እጀታና ማጥበቂያ ብሎን ያለው ቀላል አሠራር ለሥራም ይፈጥናል።

ዋናው ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። ፒአይዲ መቆጣጠሪያ (ሙቀቱን እያየ የሚያስተካክለው)፣ ኬ ቴርሞካፕል እና ሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ ባጭሩ ኤስኤስአር (ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው)፣ ትገዛለህ። ርካሹ ኤስኤስአር ላዩ ላይ የተጻፈውን አምፔር አይችልም። ለ8 አምፔር 40 የተጻፈበትን ግዛ፣ ከአልሙኒየም ማቀዝቀዣው ጋር እሰረው። ከሁሉ በላይ ግን ልብ በል፦ ኤስኤስአር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚቀረው። ማለትም መቆጣጠሪያው «በቃ» እያለ ብረቱ ማጋሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ፕሌቱ ላይ ለብቻው የሙቀት ፊውዝ እሰር፣ እስከ 200 ዲግሪ ስለምትሠራ 240 አካባቢ የሚቆርጠውን። ይሄ ሳይኖር ማሽኑን አብርተህ ምሳ አትሂድ። ፕሌቱ አጠገብ የሚያልፈው ሽቦ ሲሊኮን ወይም ፋይበር የለበሰ ይሁን፣ ተራው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ፍሬሙንም በመሬት ሽቦ እሰረው።

ጥያቄ፦ ስምንት በአንድ የሚባለው ኮምቦስ?

መልስ፦ ማግ፣ ኮፊያ፣ ሳህን፣ ሁሉን እችላለሁ ይላል። ይችላል፣ ግን እያንዳንዱን ለመቀየር ማቀዝቀዝ፣ መፍታት፣ መሰካት አለ። ሶኬቱ ቶሎ ይላላል። የማግ ሥራ በየሳምንቱ ካለህ የማግ ማሽን ለብቻው ግዛ።

ጥያቄ፦ በካውያ አይሆንም?

መልስ፦ ለአንድ ማሊያ ስምና ቁጥር፣ በቪኒል፣ ይሆናል። እንፋሎቱን አጥፍተህ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ በክብደትህ ተጭነህ። ለሰብሊሜሽን አይሆንም፤ ሙቀቱን አታውቀውም፣ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹም ምልክታቸው ሥዕሉ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ ከዴንቨር፦ እዚህ ሰዎች በሂት ፕሬስ ሮዚን የሚባለውን የካናቢስ ሙጫ ይጨምቃሉ። የቲሸርት ማሽኔ ለዚያም ይሆናል?

መልስ፦ ማሽኑ አልተሠራለትም። ለዚያ ሥራ የሚጠቀሙት ትንንሽ ፕሌት ከቶን ክሪክ ጋር ነው፣ ሙቀቱም 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ያንተ ማሽን ለ150ና ለ200 የተሠራ ስለሆነ ዝቅ ባለው ሙቀት ላይ እያለፈ ይዋዥቃል። እዚህ ኢትዮጵያ ነገሩ በሕግ የተከለከለ ነው፣ አለቀ። ዴንቨር ያለችበት የኮሎራዶ ስቴት ደግሞ ከ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ድምፅ ወዲህ ለአዋቂ ቢፈቅድም የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አልፈቀደም። ግሪን ካርድ ይዘህ ዜግነት የምትጠብቅ ከሆነ ስቴቱ ፈቀደ ብለህ አትዘናጋ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር።

ጥያቄ፦ የሰፈር ልጆች ለጥምቀት 200 ቲሸርት አዘዙኝ፣ ፊትና ጀርባ። በአንድ ማሽን ይደርሳል?

መልስ፦ በምን እንደምታትመው ይወሰናል። ዲቲኤፍ ከሆነ ማስተካከሉን፣ መጫኑን፣ መላጡን፣ መድገሙን ጨምረህ ለአንድ ፊት ሁለት ደቂቃ ያዝ። 200 ቲሸርት ሁለት ፊት ማለት 400 ጊዜ መጫን ነው፣ ከ13 ሰዓት በላይ። መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ ለሁለት ቀን ተኩል ዕቅድ ያዝ፣ አንድ ሰው ማሽኑ ላይ፣ አንድ ሰው ማጠፍና መቁጠር ላይ። ቀብድ ሳትቀበል ጨርቅ አትግዛ፣ የልጆቹንም የስም ዝርዝርና ሳይዝ በጽሑፍ ተቀበል። የመጀመሪያውን አንድ ቲሸርት አትመህ፣ ሌሊቱን አሳድረህ፣ በማግስቱ ገልብጠህ እጠበው። እሱ ከያዘ ሌላውን ቀጥል።