5000 ሜትር ሮጦ 112 ሜትር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የ9ኛ ክፍል ፈተና ትዝ አለኝ። «አንድ ሰው 3 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ 4 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሄደ፤ ዲስፕሌስመንቱ ስንት ነው?» ለሚለው 7 ብለሽ መልሰሽ ስሕተት ተባልሽ። እኔም 7 ብዬ ነበር። መደመር አቅቶን አይደለም፤ ያልተጠየቅነውን መልሰን ነው። 7 ኪሎ ሜትር ሰውየው በእግሩ የለካው መንገድ፣ ማለትም ርቀት ነው። ዲስፕሌስመንት ስለ መንገዱ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ከተነሳበት እስከ ደረሰበት ያለውን ቀጥታ መስመርና አቅጣጫውን ብቻ ነው።

ተማሪዎችን ሳስጠና ይህን በትርጉም ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። የተሳካልኝ ወደ ሩጫ ስወስዳቸው ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። በአማካይ በየሰከንዱ 6.34 ሜትር ያህል መሮጡ ነው። ሆኖም 25 ዙር ሮጦ የተነሳበት መስመር ላይ ስለቆመ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው ሊባል ይችላል። «ታዲያ ለምን ደከመው?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ጥያቄውን እወደዋለሁ። እግር የሚደክመው በመንገዱ ነው።

5000 ሜትር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። ውድድሩ 12 ዙር ተኩል ስለሆነ መነሻው ከመጨረሻው መስመር በግማሽ ዙር ይርቃል። በመደበኛ መም ላይ ቀጥታው ክፍል 84.39 ሜትር ሲሆን፣ ዙሩ በሚለካበት መስመር ሁለቱ ቀጥታዎች በ73.6 ሜትር ይራራቃሉ። መነሻውና መድረሻው የዚህ አራት ማዕዘን ተቃራኒ ጫፎች ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች በየራሳቸው አባዢና ደምሪ፤ 12,538 ገደማ ይመጣል። ካሬ ሥሩ 112 ነው። ሯጩ 5000 ሜትሩን ሲጨርስ ከተነሳበት የራቀው 112 ሜትር ብቻ ነው!

ያንቺም ጥያቄ በዚሁ መንገድ ይፈታል፤ 9 ሲደመር 16 እኩል ይሆናል 25፣ ካሬ ሥሩ 5። ነገር ግን «5 ኪሎ ሜትር» ብለሽ እንዳታቆሚ። ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 53 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ መሆኑን ጻፊ። አቅጣጫውን በመርሳት ብዙ ተማሪ ነጥብ ያጣል፤ እኔም አጥቻለሁ።

«ዲስፕሌስመንት እንዴት ኔጌቲቭ ይሆናል?» ላልሽው፣ ምልክቱ አቅጣጫን እንጂ ማነስን አይናገርም። ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ ካልን፣ ከ8 ሜትር ምልክት ተነስቶ 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው 3 ሲቀነስ 8፣ ማለትም ኔጌቲቭ 5 ሜትር ተንቀሳቅሷል፤ ወደ ግራ 5 ሜትር ማለት ነው። ሁልጊዜ ከመድረሻው ላይ መነሻውን ቀንሺ። ተማሪዎቼ በብዛት የሚገለብጡት ይህንን ነው።

አሁን ያንኑ ሰው 4 ኪሎ ሜትር መልሰሽ ወደ ደቡብ ውሰጂውና በወረቀት ላይ ሣዪው። ርቀቱንም ዲስፕሌስመንቱንም እዚሁ ጻፊልኝ፤ አየዋለሁ።