ካያክ ጭነው ባሕር ለሚወጡ፦ ከትልቁ ጀልባ አጠገብ ያለችው ሁለት ሜትር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሐይቅ ላይና ባሕር ዳር በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ ወይም በፔዳል በምትሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ዓሣ ስታጠምጂ ቆይተሻል። አሁን ደግሞ ካያኮቹን በትልቅ ጀልባ ጭኖ ከየብስ ርቆ ከሚሄድ ቡድን ጋር ለሦስት ቀን ልትወጪ ነው። «ትልቁ ጀልባ እዚያው ስላለ ከዳርቻ ከመነሳት አይሻልም ወይ? ምንስ ልዘጋጅ?» ብለሻል።

እኔ በዚህ መልክ ሰባት ጊዜ ወጥቻለሁ። በአንድ በኩል እውነትሽን ነው። ዳርቻ ላይ የሚሰበረውን ማዕበል ሰንጥቆ መውጣት የለም። ጠዋት ጉልበትሽ ገና ሳይነካ ዓሣው ያለበት ቦታ ላይ ትወርጃለሽ። ከአሜሪካዋ ሳን ዲዬጎ ተነስተው በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ ሴድሮስና ሳን ቤኒቶ ደሴቶች የሚወርዱ እንዲህ ያሉ ጉዞዎች አሉ። እዚያ ድረስ ቀዝፎ ሄዶ፣ አጥምዶ፣ መልሶ መምጣት የሚታሰብ አይደለም። ትልቁ ጀልባ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በእነዚያ ጉዞዎች ያየሁት ችግር በአብዛኛው የደረሰው ከትልቁ ጀልባ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሰው ሲወርድና ሰው ሲመለስ።

በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ሁለተኛ ቀን ነበር፤ አመሻሽ ላይ። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ውዬ እግሬ ዝሏል። ቶሎ ልውጣ ብዬ በሬዲዮ ሳልናገር በቀጥታ ወደ ጀልባው ኋላ ሄድኩ። የካያኬ አፍንጫ ከመውጫው ደረጃ ስር ገባ። በዚያው ቅጽበት ሞገዱ አለፈና የጀልባው ኋላ ቁልቁል ወረደ። ደረጃው የካያኩን አፍንጫ ተጭኖ ውሃ ውስጥ ከተተው። እኔም ተገለበጥኩ። ላይፍ ጃኬቴን አጥብቄ አስሬ ስለነበር ወዲያው ብቅ አልኩ። ካፒቴኑ ሞተሩን ቀደም ብሎ ከማርሽ አውጥቶት ነበር። ባያወጣው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልሽ አይመስለኝም። ሁለት የማጥመጃ ዘንጎቼ ሰጠሙ። የፊተኛውን ክዳን በደንብ ስላልዘጋሁት የካያኩ ሆድ ውሃ ሞላ። ውሃ የጠጣ ካያክ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሦስት ሰው ሆነን ጎትተን አልንቀሳቀስ አለን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትልቁ ጀልባና ካያክሽ እኩል አይነሱም፣ እኩል አይወርዱም። ካያኩ ቀላል ስለሆነ እያንዳንዱን ሞገድ ተከትሎ ብድግ ቁጭ ይላል። ጀልባው ከባድ ነው፤ ዘግይቶ ይነሳል፣ ዘግይቶ ይወርዳል። አሁን ጉልበትሽ ጋ የነበረው ደረጃ ከአፍታ በኋላ ፊትሽ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ወደ ጀልባው ኋላ በአፍንጫሽ በፍጹም አትሂጂ። ፕሮፔለሩ እዚያ ነው። የሞተሩ ጭስም በአብዛኛው የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

እኔ አሁን የምመለሰው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሬዲዮ እናገራለሁ፤ መልስ እስካገኝ ራቅ ብዬ እቆያለሁ። ካፒቴኑ የጀልባውን ጎን ለንፋሱ ሰጥቶ ይቆማል። ከንፋሱ የተከለለው ጎን ላይ ውሃው ይረጋጋል። በዚያ በኩል ከጀልባው ጋር ጎን ለጎን ሆኜ እጠጋለሁ። ከላይ ገመድ ይወረውሩልኛል። ዘንጎቹንና የዓሣውን ቦርሳ አስቀድሜ አቀብላለሁ። ከዚያ ካያኩ ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ እረግጣለሁ። ሲወርድ የረገጠ ሰው እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ደግሞ ይህን አትርሺ፦ ንፋሱ ጀልባውን ወደ አንቺ እየገፋው ነው። የተከለለው ጎን ምቹ ስለሆነ እዚያ ተደላድለሽ ዕቃ የምታስተካክዪ ከሆነ ጀልባው ይጫንሻል። ነገሩ ፈጠን ተብሎ ማለቅ አለበት።

መውረዱም የራሱ ሥርዓት አለው። ካያኩ ባዶውን ይውረድ። ዘንግ፣ መንጠቆና ሳጥን አንቺ ከተቀመጥሽ በኋላ ይምጣ። መንጠቆዎቹ ሁሉ ተሸፍነው ይሁኑ፤ ሦስት ጫፍ ያለው መንጠቆ እጅ ላይ ከተሰካ ጉዞው አለቀ ማለት ነው። ካያክሽ በፔዳል የሚሄድ ከሆነ ከስር ያሉትን ክንፎች ወደ ሆዱ አጥፊያቸው። መሪውንም አንሺው። ስትወርጂ እግርሽ ካያኩ መሐል ላይ ይረፍ፤ ሳትቆሚ በአንድ ጊዜ ቁጭ በይ። ከተቀመጥሽ በኋላ ገመዱ ይፈታ። አሥር ጊዜ ያህል ቀዝፈሽ ራቂ፣ ከዚያ ዕቃሽን አስተካክዪ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ጀልባው ያየኛል» ብሎ ይተማመናል። ካያክ ላይ ተቀምጠሽ ዓይንሽ ከውሃው በላይ ያለው አንድ ሜትር ገደማ ነው። ባሕሩ ፍጹም ጸጥ ቢል እንኳ ከዚያ ከፍታ አድማሱ 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ሞገዱ አንድ ሜትር ተኩል ሲደርስ ደግሞ በሁለት ሞገዶች መካከል ስትገቢ ከውሃ ግድግዳ በስተቀር የሚታይሽ ነገር የለም። እነሱም አያዩሽም። ፕላስቲክ ካያክ ውሃ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ራዳር ላይ እንደሚገባ አይታይም። ስለዚህ ረዘም ባለ ዘንግ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ባንዲራ ስቀዪ። ልብስሽም ደማቅ ይሁን። ሰማያዊና ግራጫ ልብስ ባሕር ላይ ይጠፋል።

ውሃ የማይገባበት የእጅ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ማለትም ጀልባዎች የሚነጋገሩበት መገናኛ፣ ይኑርሽ፤ 5 ዋት ይበቃል። የምትይዢው ካያኩ ላይ ሳይሆን ላይፍ ጃኬትሽ ላይ ነው። ካያኩ ከእጅሽ ቢያመልጥ ሬዲዮው አብሮት መሄድ የለበትም። ቻናል 16 ለአደጋና ለመጥሪያ ነው። ለዕለት ወሬ ሌላ ቻናል ጠዋት ላይ ተስማሙ። ቪኤችኤፍ የሚሠራው በቀጥታ መስመር ስለሆነ የአንቴና ከፍታ ወሳኝ ነው። የጀልባው አንቴና ከፍ ያለ ነውና ጓደኛሽ ካያክ ላይ ሆና ሳትሰማሽ ካፒቴኑ ሊሰማሽ ይችላል። በየሰዓቱ ድምፅ ማሰማትን ልማድ አድርጊው። ብቻሽን አትራቂ፤ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ የኔ ቋሚ ሕግ ነው።

ስለ ንፋስና ስለ ባሕር ውሃ ፍሰት ሐይቅ ያላስተማረሽ ነገር አለ። ዕቃ የጫነ የማጥመጃ ካያክ ሳይጨናነቁ ሲቀዝፉት በ3 ኖት ያህል ፍጥነት ይሄዳል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሰቱ 2 ኖት ሆኖ ወደ አንቺ ከመጣ የሚተርፍሽ 1 ኖት ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ትደክሚያለሽ። ስለዚህ ጠዋት ስትወርጂ መጀመሪያ ፍሰቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቅዘፊ፤ መመለሻሽ ቁልቁለት ይሁን። ንፋሱ 10 ኖት አካባቢ ሲደርስ ሞገዱ አናት ላይ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ይጀምራል። አረፋው በየቦታው ከበዛ እኔ ዘንጌን እሰበስባለሁ፤ ዓሣው እየበላም ቢሆን።

ማጥመዱ ላይ ብዙ አልልም፤ ትችይበታለሽ። አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚህ የሚይዘው ዓሣ ካያክሽን ይጎትታል። የሎውቴይል የሚባለው ዓሣ አንዴ ከተያዘ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ኬልፕ፣ ማለትም ከወለል እስከ ላይ ወደሚቆመው ረጅም የባሕር አረም፣ ይሮጣል። የሪሉን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ ፍሬን ካያክሽን እስኪገለብጥ ድረስ አታጥብቂው። ዘንጉን ወደ ካያኩ አፍንጫ አዙረሽ ያዢ፤ ዓሣው ፊት ለፊት ሲጎትት ካያኩ ይከተለዋል። በጎን በኩል ሲጎትት ግን ይገለብጥሻል። ክር መቁረጫ ቢላዋ ደረትሽ ላይ፣ በሁለቱም እጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን። ዓሣውን ካያኩ ላይ አርደሽ ደሙን ውሃ ውስጥ አታፍስሺ፤ ሻርክ ባለበት ባሕር እግርሽ ከውሃው ብዙ አይርቅም።

ከዕቃ ስፖንጅ፣ ትርፍ መቅዘፊያ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የፀሐይ መከላከያና ለውሃው ቅዝቃዜ የሚሆን ልብስ ያዢ። ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ስትወድቂ ትንፋሽሽ በድንገት ይቆራረጣል። ልብስ መልበስ ያለብሽ ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቀደም ብለሽ ቤት ሞክሪው፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አዘጋጆቹን እነዚህን ጠይቂ። ሰው ውሃ ላይ ባለ ሰዓት ሁሉ የምትላክ ትንሽ የሞተር ጀልባ ዝግጁ ናት ወይ? ማን ወረደ፣ ማን ተመለሰ የሚለውን ማነው የሚመዘግበው? ንፋሱ ስንት ኖት ሲደርስ ነው ሁሉንም የሚጠሩት? ካያኩ የሚወርደው በክሬን ነው በእጅ? ትንሿ ጀልባ ከሌለች እኔ አልሄድም። አንድ ጊዜ ሄጄ አንድ ሰው ክርም ዘንግም ተጠላልፎበት ሲንሳፈፍ፣ ትልቁ ጀልባ ሌሎቹን ካያኮች ላለመርገጥ እየተጠነቀቀ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ደረሰለት። ሰውየው ደህና ነው። እኔ ግን ያን ሃያ ደቂቃ አልረሳውም።

የቀረው ልምምድ ነው። ከመሄድሽ በፊት ከጓደኛ ጋር ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ ውጪ። ባሕር ላይ የምትለብሺውን ሁሉ ልበሺ፣ ዘንጎቹን ግን ተያቸው። ራስሽ ተገልበጪ። ካያኩን በወዲያኛው ጠርዝ ይዘሽ ወደ ራስሽ ገልብጪው። ከዚያ እግርሽን እየመታሽ በሆድሽ ውጪበት፣ ዞረሽ በመቀመጫሽ ተቀመጪ፣ እግርሽን መጨረሻ አስገቢ። ቢያንስ አምስት ጊዜ። አምስተኛው ላይ ደክሞሽም መውጣት ከቻልሽ ደህና ነው። ካልቻልሽ ላይፍ ጃኬትሽ ፊት ለፊት ወፍሮ እንደሆነ እዪ፤ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚከለክለው እሱ ነው። እግር ማስገቢያ ገመድ ጎኑ ላይ ማሰርም ይረዳል።

የካያክሽን ዓይነትና ርዝመት፣ በፔዳል ይሁን በመቅዘፊያ፣ ጻፊልኝ። ጀልባው ላይ እንዴት እንደሚታሰርና ዘንጎቹን የት እንደምታደርጊያቸው በዚያ መሠረት እነግርሻለሁ።